የወረኢሉን ታሪክ ለመጠበቅ ከየት እንጀምር ላላችሁ ልጆች

ጥያቄያችሁን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌላውም አንባቢ እንዲገባ ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ደቡብ ወሎ ያለችው የወረኢሉ ተወላጆች ተሰባስባችሁ የከተማዋን ታሪክ የሚጠብቅ ማህበር ልታቋቁሙ ነው፣ አንድ ደግ ሰው ሁለት ክፍል ቤት ሰጥቷችኋል፣ ሰዉም ከወዲሁ እቃ ማምጣት ጀምሯል፣ አሮጌ ጠመንጃ፣ ጎራዴ፣ የብራና ዳዊት፣ ፎቶ፣ መሶብ፣ ጠገራ ብር። "ሙዚየም ለመክፈት ምን ያስፈልገናል፣ ከየትስ እንጀምር" ነው ያላችሁት። እኔ ኑሮዬ ደሴ ነው፣ ሥራዬም ሰነድና ማህደር ነው፣ ስለዚህ የማውቀውን እቅጩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አብሽሩ፣ የተነሳችሁበት ነገር ትልቅ ነገር ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን ሙዚየሙን ለጊዜው ተዉት። እቃ መቀበሉንም አቁሙት፣ የመጣውንም በምስጋና ለየባለቤቱ መልሱ።

ለምን? እቃ ከቤቱ ሲወጣ ታሪኩ እቤት ስለሚቀር ነው። አንድ ጎራዴ እማማ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ "ይሄ የአያቴ ነው፣ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ሰገሌ ሲዘምቱ ታጥቀውት ነበር፣ እሳቸው እዛው ሲቀሩ ይዞት የመጣው አሽከራቸው ነው" የሚል ሰው አጠገቡ አለ። ያው ጎራዴ ከሌላ አምስት ጎራዴ ጋር እናንተ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር "የድሮ ጎራዴ" ነው የሚሆነው። ያመጣው ልጅ አዲስ አበባ ወይ አረብ አገር ይሄዳል፣ እማማም ያርፋሉ፣ ከዛ በኋላ የማን እንደነበረ ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም። ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ ሳይጻፍለት መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ጋሻና እንስራ እኔ ብዙ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ምክንያት ደሞ እኛው አገር የደረሰ ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ደሴ ሙዚየም በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። አንድ ቦታ የተሰበሰበ ነገር አንድ ቀን ነው የሚጠፋው። ጠባቂ ያለው፣ መዝገብ ያለው፣ መንግሥት የሚያውቀው ቤት እንደዛ ከሆነ የናንተ ሁለት ክፍል ምን ዋስትና አላት? እቃው በየቤቱ ተበትኖ ሲቀመጥ፣ የእያንዳንዱ መረጃና ፎቶ ደሞ ሦስት አራት ቦታ ተባዝቶ ሲቀመጥ ግን ሁሉን ባንዴ ሊያጠፋው የሚችል ነገር ብዙም የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ዝርዝር ነው። ማን ዘንድ ምን አለ። ይሄ የፈረንጅ ዘዴ እንዳይመስላችሁ፣ ወሎ ውስጥ ከ700 አመት በፊት የተሠራ ሥራ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ1273 ዓ.ም አካባቢ የተጻፈ ነው፣ ገዳሙ የነበሩት መጻሕፍት ዝርዝርም እዛው ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የዛን ዘመን መነኮሳት መጽሐፍ ሲኖራቸው መጀመሪያ ያደረጉት መቁጠርና መጻፍ ነው። እኛ ዛሬ ስለዛ ቤተ መጻሕፍት ማውራት የቻልነው ያ ዝርዝር ስላለ ነው። ያው ወንጌል በኋላ በ60ዎቹ ውስጥ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ፎቶ አንስቶታል፣ አያችሁ፣ መጽሐፉ ከገዳሙ ሳይወጣ ቅጂው ውቅያኖስ ተሻግሯል። እናንተም እንደዛው አድርጉ።

ዝርዝሩ እንዴት ይሁን? ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ የሂሳብ መዝገብ ግዙ፣ ኮምፒውተር በኋላ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ነገር ቁጥር ስጡ፣ ከዛ ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ እሱጋ እንዴት እንደደረሰ፣ ይሄን የነገራችሁ ሰው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደነገራችሁ፣ ርዝመቱና ወርዱ፣ የተሰበረ የተቀደደ ካለ፣ እና ፎቶው። "ማን ነገረህ" የሚለውን ሰው ሁሉ ነው የሚዘለው፣ እናንተ በጭራሽ እንዳትዘሉት። ያልታወቀ ነገር ሲኖር "አይታወቅም" ብላችሁ ጻፉ፣ ግምት እንደ እውነት አትጻፉ፣ ዛሬ በግምት የተጻፈች አንዲት አመተ ምህረት ከሃያ አመት በኋላ የሰው ማስረጃ ሆና ትገኛለች። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ቅርሱን የማስመዝገብ ግዴታ እንዳለበት ይላል፣ ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥም ይከለክላል፣ ስለዚህ የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ገና ከጅምሩ አሳውቁት፣ አብራችሁም መዝግቡ። ለአንድም እቃ ደሞ ብር እንዳትከፍሉ። ብር መክፈል የጀመራችሁ ቀን ደላላ ይገባል፣ ደላላ ከገባ ቤተ ክርስቲያንም መስጂድም ሰላም የለውም።

አሁን ወደዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ምን ትፈልጉ?

ወረኢሉን አገር ሁሉ የሚያውቃት በአንዲት መስመር ነው። ምኒልክ በመስከረም 1888 ለአድዋ ሲያውጁ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ "ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ" ያሉት። ማህበራችሁም ይሄን መስመር ግድግዳ ላይ ሊጽፈው እንዳሰበ ከጥያቄያችሁ ገብቶኛል፣ ጻፉት፣ ይገባችኋል። ግን እኮ ይሄ በየመጽሐፉ ያለ ነገር ነው፣ እናንተ ባትጠብቁትም አይጠፋም። የሚጠፋው ሌላው ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት የሰፈረው የትኛው ሜዳ ላይ ነው? ፈረስና በቅሎው ከየትኛው ምንጭ ጠጣ? እህሉ ከማን ጎተራ ወጣ፣ እንጀራውንስ ማን ጋገረ? ይሄን ከአያቱ የሰማ ሰው ዛሬም ሊኖር ይችላል፣ የዛሬ አስር አመት ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የነገሥታቱን ታሪክ ለመጻፍ ሌላ ሰው አለ። የወረኢሉን ሰው ታሪክ የሚጽፍ ግን ከናንተ ውጪ ማንም የለም።

እና እኔ ብሆን ሁሉንም ትቼ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቅሬ መዝገብ ነው። አዲስ አበባ ላደጋችሁት እድር ማለት ነው። ወሎ ላይ ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን ሁሉ ይይዛል፣ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል። ይሄን ሁሉ ደሞ ይጽፋል! አንድ የድሮ የቅሬ መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ፣ ሽፋኑ በጨርቅ ተለብጧል፣ ዳርዳሩን አይጥ ቀምሶታል፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሰመረ ነው። እዛ ላይ ሰይድ፣ ተሰማ፣ ዘይነባ፣ ወለተ ማርያም በአንድ ገጽ ተደርድረዋል፣ ፊት ለፊታቸው መዋጮው። መጀመሪያ ላይ በስሙኒ ነው፣ እየቆየ ብር ይሆናል፣ ከዛ ሁለት ብር። የሞተ ሰው ስሙ ላይ መስመር ይሰመርበታል፣ ጎኑ ላይ ቀን ይጻፋል፣ አንዳንዱ ጋ ደሞ "ልጁ ተተካ" ይላል ወይም "ሚስቱ ተተካች"። "አገር ለቆ ሄደ" የሚልም አለ። "ለቅሶ ቀርቶ ተቀጣ" የሚል አለ። ጸሐፊው ሲቀየር የእጅ ጽሑፉ ይቀየራል። በ65 እና በ66፣ ከዛ ደሞ በ77 ያሉትን ገጾች ስትገልጡ መስመሩ ይበዛል። ስለ ወሎ ረሃብ ብዙ ተጽፏል፣ ግን በአንዲት ከተማ በአንድ ሰፈር ማን ሞተ፣ በስንት ቀን ልዩነት፣ ማን ቀበረው፣ ቤቱንስ ማን ወረሰ የሚለው የሚገኘው እዚህ ነው። ይሄ መዝገብ ግን መደርደሪያ ላይ "ቅርስ" ተብሎ አይቀመጥም፣ ለማንም አይታይም፣ አዲስ መዝገብ ሲገዛ አሮጌው ለስኳር መጠቅለያ ይሄዳል። ስለዚህ የየሰፈሩን የቅሬ ጸሐፊዎች ስም ዝርዝር ያዙና በየቤታቸው ሂዱ፣ አሮጌውን መዝገብ አትውሰዱት፣ እዛው ጠረጴዛቸው ላይ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱትና መልሱላቸው። የቅርብ አመታቱን ገጾች ለማንም አታሳዩ፣ የሰው ዕዳና ጉዳይ አለበት።

ሁለተኛው ፎቶ ቤት ነው። በየከተማው ድሮ አንድ ሁለት ፎቶ ቤት ነበር፣ ባለቤቱ ሲሞት ካሜራው ይሸጣል፣ ኔጌቲቩ (ፎቶው የሚታተምበት ፊልም) ግን በካርቶን ሆኖ አልጋ ሥር ይገባል። የከተማው ሰው ሁሉ ፊት እዛ ካርቶን ውስጥ አለ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የሰርግ፣ ውትድርና ሊሄድ ሲል የተነሳ ልጅ። ካርቶኑን ስትከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፣ እሱን ከሌላው ለዩትና ቅድሚያ ስጡት፣ ምክንያቱም የሚወጣው አሲድ አጠገቡ ያለውንም ያበላሸዋል፣ ሙቀትና እርጥበት ደሞ ያፋጥነዋል። ከላስቲክ አውጥታችሁ በወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ስካነር ከሌላችሁ አትቸገሩ፣ የታብሌት ስክሪን ሙሉ ነጭ አድርጋችሁ አብሩ፣ ከስክሪኑ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ወተት የመሰለ ነጭ ፕላስቲክ ወይ መስታወት አድርጉበት (ካለበለዚያ የስክሪኑ ነጠብጣብ ይታያል)፣ ኔጌቲቩን እሱ ላይ አንጥፋችሁ ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፣ በኋላ ቀለሙን መገልበጥ ነው። የታተመ ፎቶ ከሆነ ስካነር ተዋሱ፣ 600 ዲፒአይ፣ ቲፍ ፎርማት። ጀርባውንም ስካን አድርጉት እባካችሁ! የፎቶ ቤቱ ማህተም፣ "ለማትረሳኝ እህቴ" የሚለው፣ ቀኑ፣ ሁሉም ጀርባው ላይ ነው ያለው። ቁጥር መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ ጥግ ላይ፣ በስክሪፕቶ በጭራሽ። የተቀደደ ነገር በስኮች አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታስደርጉ፣ ላሚኔት የተደረገ ሰነድ ተመልሶ አይወጣም።

ፎቶና ድምፅ በቴሌግራም ስትላላኩ ደሞ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፣ በፋይል ላኩት። ፍላሽ ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከወረኢሉ ውጪ፣ ደሴ ወይ አዲስ አበባ ያለ የታመነ ሰው ቤት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቅጂ እንዲይዝላችሁም ጠይቁ። የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን፣ አንዳንድ ፕሮግራም የኛን ፊደል ስለሚያበላሸው ነው፣ ማብራሪያውን በአማርኛ መዝገቡ ላይ ጻፉት።

ሽማግሌ ስለማናገር። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ዓይነት ስህተት ነው፣ ካሜራ ደቅኖ "አባ፣ እስኪ የወረኢሉን ታሪክ ይንገሩን" ይላል። አባም ጉሮሯቸውን ጠርገው በሬዲዮ የሰሙትን፣ ልጃቸው ያነበበላቸውን መልሰው ይነግሯችኋል። ካሜራውን ተዉት፣ ስልክ ላይ ድምፅ ብቻ ቅዱ፣ ከተቻለ በዋቭ ፎርማት። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሂዱ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪል የሚቸኩል የለም፣ ዱዓ ካለ ዱዓው እስኪያልቅ ጠብቁ። ሲኒ አጠገብ ግን ስልኩን አታስቀምጡ፣ ቅጂው ውስጥ ሲኒው ነው የሚሰማው። ከዛ ትንንሹን ጠይቁ፦ ቤታችሁ መጀመሪያ ሳር ነበር ቆርቆሮ? ቆርቆሮ መጀመሪያ ያስመታው ማነው? ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ማን ይፈጭ ነበር? ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር፣ መንገድ ላይስ ምን ትሉ ነበር? ገበያው የት ነበር፣ ጨው የሚሸጠው በየት በኩል ነው የሚቀመጠው? አሞሌ አይተው ያውቃሉ? ሴቶችን ደሞ ለብቻ አናግሩ፣ እሜቴዎቹ አባወራው ባለበት አይናገሩም፣ ብዙ የምታውቁት ግን ከነሱ ነው፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ የማን ልጅ በክፉ ቀን ለማን እንደተሰጠ።

አመት አትጠይቁ። "በስንት አመተ ምህረት" ካላችኋቸው ያልሆነ ቁጥር ይሰጧችኋል። የሚያውቁትን ክስተት አንሱና ከሱ በፊት ነው በኋላ በሉ። ክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 84)፣ ሰገሌ (ጥቅምት 17 ቀን 1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ጣሊያን ሲገባ (1928) ሲወጣ (1933)፣ የ66ቱ አብዮት፣ የ77ቱ ድርቅ፣ ደርግ ሲወድቅ (ግንቦት 1983)። አንዲት እናት "እናቴ ደሴ በአውሮፕላን በተደበደበች ሰሞን ነበር የተዳረችው" ብትላችሁ ቀኑ በእጃችሁ ነው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። እስላሞቹ አባቶች በሂጅራ፣ ቤተ ክህነት በዘመነ ማቴዎስ ዘመነ ማርቆስ ሊቆጥሩላችሁ ይችላሉ፣ የነገሯችሁን እንዳለ ጻፉ፣ ልወጣውን በጎን።

ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገራችሁ ደሞ ሁለቱንም ጻፉ። ከተማዋን ማን ቆረቆራት፣ የትኛው ቤተሰብ ቀድሞ ገባ በሚለው ላይ ማህበራችሁ ዳኛ ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ ይፈርሳል፣ ይሄን በደንብ ያዙት። እናንተ የምትጠብቁት የተባለውን ነው፣ "እገሌ እንዲህ ብለዋል፣ እገሌ እንዲህ ብለዋል" ብሎ ማስቀመጥ በቂ ነው፣ ማመዛዘኑን የሚያጠናው ሰው ይሥራው። አንዳንድ ነገር ደሞ አሁን የሚከፈት አይደለም። የቀይ ሽብር ነገር፣ የረሃቡ ዘመን፣ ይሄ የቅርቡ ጦርነት፣ ሰው እያለቀሰ ነው የሚነግራችሁ። ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ከቀዳችሁ በኋላም ደግማችሁ ጠይቁ፣ "ይሄ እኔ እስክሞት አይሰማ" ካሏችሁ መዝገቡ ላይ ጻፉትና ቃላችሁን ጠብቁ። ኢንተርኔት ላይ ለላይክ የተለቀቀች አንዲት ቪዲዮ የከተማውን ሰው አፍ ልትዘጋው ትችላለች።

ስለ ብራናና ኪታብ አጭር ነገር ልበል። የቤተ ክርስቲያኑን መጽሐፍ ካለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አትንኩ፣ ሲፈቀድ በታጠበና በደረቀ እጅ ያዙት፣ የጨርቅ ጓንት አያስፈልግም፣ ጓንት ሲያደርጉ ጣት ስለማይሰማ ቅጠሉ ይቀደዳል። ገጽ ሲነሳ ፍላሽ አይብራ። በሼሆቹ ቤት ያለውን ደሞ ብዙ ጊዜ ማህበራት ይረሱታል፣ ወሎ ላይ ይሄን መርሳት ግማሹን ታሪክ መርሳት ነው። ወሎ ያሉት እነ ጀማ ንጉሥ፣ እነ ዳና የእስልምና እውቀት ማዕከል ነበሩ፣ ደረሶቻቸው (ተማሪዎቻቸው) በየአገሩ ተበትነዋል፣ ስለዚህ በናንተም አካባቢ በየቤቱ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ አጀሚ የምንለው፣ መንዙማና ግጥም ሊገኝ ይችላል። ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ የሚያነብላችሁ አንድ አዋቂ ፈልጉና እሱ እያነበበ ድምፁን ቅዱ፣ የሚነበብበት ዜማ ራሱ ወረቀቱ ላይ የለም።

ቤቱን ምን እናድርገው ለምትሉት፣ አንዱን ክፍል ሥራ ቦታ አድርጉት፣ ጠረጴዛ፣ ስካነር፣ ከመሬት ከፍ ያለ የብረት ሳጥን (ምስጥ አለ)፣ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያውን። ሌላኛው ክፍል ሰው ገብቶ የሚያይበት ይሁን፣ ግን ኦሪጅናል ሳይሆን ቅጂ ስቀሉ፣ ትልቅ ተደርጎ የታተመ ፎቶ ስቀሉና ሥሩ "ይሄን ሰው የሚያውቅ አለ?" ብላችሁ ወረቀትና እርሳስ አንጠልጥሉ። በገበያ ቀን ክፈቱት። አንድ እናት መጥተው "ይቺኮ የኔ አክስት ናት" ሲሉ ያኔ ማህበራችሁ ሥራ ጀመረ ማለት ነው፣ ወዲያው አንድ ሰው መዝገብ ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ።

ጠመንጃውን ዛሬውኑ መልሱ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ካለፈቃድ መሣሪያ የያዘ ማህበር ነገ ችግር ውስጥ ይገባል፣ ባለቤቱ ዘንድ ሆኖ ፎቶውን አንሱ፣ ታሪኩን ቅዱ፣ ለማህበሩ እሱ ይበቃል። ዳዊቱም ወደመጣበት ይመለስ፣ ከመመለሱ በፊት ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ባዶ ቅጠል በደንብ አንሱ፣ የባለቤቱ ስም፣ የመሬት ውል፣ የልደትና የሞት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዛ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት የድምፅ ቅጂዎች ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ አዳምጬ የቱ ጥያቄ እንደሠራ የቱ እንዳልሠራ እነግራችኋለሁ፣ የመዝገቡን አንድ ገጽም አሳዩኝ። የቅሬውን ደብተር ስታነሱ ጠዋት መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ አንሱት፣ ጥላችሁ ገጹ ላይ እንዳያርፍ፣ ገጽ ቁጥር ከሌለው ደሞ በትንሽ ወረቀት ቁጥር ጽፋችሁ ከጎኑ አስቀምጡ፣ መዝገቡ ላይ እንዳትጽፉ።